የ28 ዶላሯ ጣሳ

ይህ ባለፈው ጁን፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ የተናገርኩት ነው። ወደ ጽሑፍ ስመልሰው የተደጋገመውን ቀንሻለሁ። ከተጠየቅኩት ጥያቄ ጥቂቱን አስገብቻለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ ይሰማል? ጥሩ።

ይቺን ጣሳ እዩልኝ። ቁመቷ ከለስላሳ ጠርሙስ ታንሳለች። አናቷ ላይ የሽቦ መሰኪያዎች አሏት። ተቀባበሏት፣ አትፍሩ፣ ኤሌክትሪክ አልያዘችም። ካፓሲተር ትባላለች። ቤታችሁ በስተውጭ፣ ከግድግዳው ሥር የቆመው ትልቁ ማሽን ውስጥ አብዛኞቻችሁ አንዷ አለቻችሁ። 14 ዓመት በዚህ ሙያ ሠርቻለሁ። በበጋ "ኤሲው እምቢ አለ" ተብዬ ከሮጥኩባቸው ቤቶች እንደዚች ጣሳ ያስጠራኝ ዕቃ የለም።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጁላይ ላይ ነው። ስፕሪንግፊልድ የሚኖሩ አንዲት እናት ደወሉልኝ። "ልጄ፣ ማሽኑ ሞቷል ብለውኛል፤ እስቲ አንተም እየው" አሉኝ። ስደርስ ውጪው 97 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ ቤት ውስጥ 89። ሊጡ ተቦክቶ ተቀምጧል፤ በዚያ ሙቀት ማን ደፍሮ ምጣድ ይጥዳል። ፍሪጁ ላይ በማግኔት የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ። ጠዋት ከአንድ ድርጅት የመጣ ባለሙያ ጽፎላቸው የሄደው ነው። አዲስ ማሽን ከነመግጠሚያው 11,400 ዶላር። በየወሩ የሚከፈል። ከሥሩ "ኮምፕሬሰሩ ተቃጥሏል" ይላል። ኮምፕሬሰር የማሽኑን ጋዝ የሚጨምቀው ዋናው ሞተር ነው።

"ስንት ደቂቃ ቆየ?" አልኳቸው።

"ኧረ እሱ! ቡና ላፍላ ብለው እንኳ እምቢ ብሎኝ ሄደ።"

ወጥቼ ማሽኑ አጠገብ ቆምኩ። እምምም እያለ ያጉረመርማል። ከላይ ያለው ቬንትሌተር ግን ቀጥ ብሏል። "ቀጭን እንጨት ይኖርዎታል?" አልኳቸው። ማማሰያ ይዘው መጡ። ወፍሮ በወንፊቱ አልገባም አለ። ጓሮ ገቡና ቃሪያቸውን ደግፈው ያቆሙበትን አንዱን እንጨት ነቅለው ሰጡኝ። በወንፊቱ ቀዳዳ አስገብቼ ክንፉን ቀስ ብዬ ገፋ አደረግኩት። ተነሣ! አንዴ፣ ሁለቴ ዞረና ፍጥነቱን ያዘ። ባትሪዋ ያለቀ ላዳ ገፍታችሁ አስነስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ልክ እንደዚያ ነው። ሞተሩ ደህና ነው። የጠፋው የሚያስነሳው ነገር ነው።

በጣታችሁ አትሞክሩት። እንጨት ነው ያልኩት። ቬንትሌተሩ ሲነሳ አያስጠነቅቅም።

ኤሌክትሪኩን አጥፍቼ ከፈትኩት። ጣሳዋ ስትታይ ምንም አልሆነችም። አላበጠችም፣ ዘይት አላፈሰሰችም። አንዳንዶቹ ሲሞቱ አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ይነፋል፤ ያኔ ልጅ እንኳ ያውቃል። የእሳቸው ግን ለጥ ያለች ነበረች። ላይዋ ላይ 45 እና 5 ተጽፏል። 45 ለኮምፕሬሰሩ፣ 5 ለቬንትሌተሩ ማለት ነው፤ መለኪያው ማይክሮፋራድ ይባላል። በቴስተር ለካኋት። በቬንትሌተሩ በኩል 0.6፣ በኮምፕሬሰሩ በኩል 38።

መኪናዬ ውስጥ ተመሳሳይዋ ነበረችኝ። 28 ዶላር የገዛኋት ናት። ቀየርኳት። ግን ኮምፕሬሰሩ ወዲያው አልተነሳም። እጄን አስጠግቼ ስሞክረው ይጋረፋል። ኤሌክትሪኩን እንደገና አጥፍቼ በጓሮ ጎማ ውሃ አፈሰስኩበት። ከዚያ ቡናው ተፈላ፣ እኔም ተቀመጥኩ። ሁለተኛውን ጠጥተን ሦስተኛው ሲቀዳ መልሼ አበራሁት። ተነሳ። ማታ ላይ ደውለው "ጋገርኩ" አሉኝ።

ጠዋት የመጣውን ሰው ውሸታም አልለውም። ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ቬንትሌተሩ ሲቆም ኮምፕሬሰሩ ሙቀቱን የሚያወጣለት ያጣል። በጣም ሲግል ውስጡ ያለች መከላከያ ታጠፋዋለች። እንዳይቃጠል ነው። በዚያ ሰዓት አንድ ባለሙያ በቴስተር ቢለካው ኤሌክትሪክ ከጋራ መስመሩ ሞተሩ ውስጥ ካሉት ሁለት የሽቦ ጥቅሎች ወደ የትኛውም አያልፍም። "ተበጥሷል" ብሎ ይጽፋል። ሲበርድ ግን መከላከያዋ ራሷ ትመለሳለች። ሊያውቅ የሚችለው ቢጠብቅ ነበር። ወይም ሁለቱን ጥቅሎች እርስ በርስ ቢለካቸው ነበር፤ በመካከላቸው ኤሌክትሪኩ ያልፋልና። አልጠበቀም፣ አልለካም። ችኮላ ነው። በ97 ዲግሪ ቀን ስምንት ቤት የሚጠብቀው ሰው ይቸኩላል፤ እኔም ቸኩዬ አውቃለሁ። ግን 11,400 ዶላር ይዞ መቸኮል ሌላ ነገር ነው።

አሁን ይቺ ጣሳ ምን እንደምትሠራ። አታዛጉ፣ አጭር ነው።

ወደ ቤታችን የሚመጣው ኤሌክትሪክ በሰከንድ 60 ጊዜ ይመላለሳል። አገር ቤት 50 ጊዜ ነው። ሞተሩ ውስጥ አንድ የሽቦ ጥቅል ብቻ ቢኖር፣ ያ ጥቅል የሚያደርገው አንዴ መሳብ፣ አንዴ መግፋት ነው፤ በአንድ መስመር ላይ። ብስክሌት የነዳችሁ ታውቁታላችሁ። አንዱ ፔዳል ቀጥ ብሎ ላይ፣ ሌላው ቀጥ ብሎ ታች ሲሆን ብትቆሙበትም አይዞርም። ትንሽ ከጎን መግፋት ያስፈልጋል። ሞተሩም እንደዚያው ነው። ወደ ቀኝ ልዙር ወደ ግራ ሳይቆርጥለት እምምም ይላል። ለዚህ ነው ጎን ላይ ሁለተኛ ጥቅል የሚጨመርለት። ግን ሁለቱም በአንድ ጊዜ ቢገፉ ዋጋ የለውም። የሁለተኛው ግፊት ቀደም ብሎ መምጣት አለበት። ያንን የምታስቀድመው ካፓሲተሯ ናት። የማስነሻ ብቻ አይደለችም፤ ሞተሩ እስከሠራ ድረስ አብራ ትሠራለች። ስትደክም ሞተሩ ቢነሳም ይቸገራል፣ ይግላል፣ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፣ ዕድሜው ያጥራል።

ስሙ ላይ ትንሽ ግርግር አለ። ቮልስ የነበራችሁ አባቶች እንዲህ ያለውን ዕቃ "ኮንደንሰር" ነው የምትሉት፤ ልክ ናችሁ፣ የድሮ ስሙ ነው። እዚህ አገር ግን የኤሲ ሰው "ኮንደንሰሩ ተበላሽቷል" ካለ ውጪ የቆመውን ማሽን በሙሉ ማለቱ ነው። አንድ አባት "ኮንደንሰር ነው እኮ፣ ለሱ ነው 6,000 የምትሉኝ?" ብለው ሲቆጡ ሰምቻለሁ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ የሚያወሩት ስለተለያየ ዕቃ ነው። ስለዚህ "የትኛው? ጣሳው ነው ማሽኑ?" በሉ።

ለምን ትሞታለች? ሙቀት ነው። ውስጧ በጣም ስስ የሆነ ፕላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ከስስም ስስ የብረት ቅብ አለው። አንድ ቦታ ላይ ኤሌክትሪክ ሲበሳው በዚያች ነጥብ ያለው ብረት ተንኖ ይጠፋል፣ ቀዳዳውም ከተቀረው ተነጥሎ ይቀራል። ራሷን ታክማለች ማለት ነው። ግን በታከመች ቁጥር ከአካሏ ትንሽ ይቀነሳል። 45 የነበረችው 44 ትሆናለች፣ 43፣ 40። ሙቀት ይህን ያፋጥነዋል። በባለሙያዎች ዘንድ የሚሠራበት ግምት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር ዕድሜዋ በግማሽ ይቀንሳል የሚል ነው። 15 ዓመት የቆየች አይቻለሁ። በሁለት ዓመት የሞተችም አይቻለሁ። ማሽኑ በሣርና በቅጠል ከታፈነ ቶሎ ትሄዳለች። በፀደይ አንድ ጊዜ ኤሌክትሪኩን አጥፍቶ የማሽኑን ጎንና ጎን በቀስታ በውሃ ማጠብ ብዙ ይረዳል። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

እዚህ ጋ ድምፄን ከፍ ላድርግ።

ይቺ ጣሳ ኤሌክትሪክ ትይዛለች። ብሬከሩን ካጠፋችሁ በኋላም። የዚህች ጣሳ ቅድመ አያት በ1746 በሆላንድ ላይደን ከተማ የተሞከረች የውሃ ማሰሮ ናት። ሙሼንብሩክ የሚባል ፕሮፌሰር በእጁ ነካትና አናወጠችው። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የፈረንሳይን መንግሥት በሙሉ ቢሰጡኝ ዳግመኛ አልሞክረውም አለ። እኔ የፈረንሳይን መንግሥት የሚሰጠኝ አልነበረም፤ በሰዓት 13 ዶላር ነበር የምሠራው። ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ሳምንት ብሬከር አጥፍቼ፣ ተማምኜ፣ ሽቦውን በጣቴ ነቀልኩ። ክንዴ ራሱን ወርውሮ ከማሽኑ ብረት ጋር ተጋጨ። ጠባሳው ይኸው። አለቃዬ ከኋላዬ ሆኖ "አሁን አትረሳም" አለኝ። አልረሳሁም።

ሌላም አለ። ብዙ ሰው ቴርሞስታቱን ካጠፋ ማሽኑ የጠፋ ይመስለዋል። አልጠፋም። ማሽኑ ውስጥ ያለው ማብሪያ በብዙ ቤቶች የሚቆርጠው ከሁለቱ መስመሮች አንዱን ብቻ ነው። ሌላው ሁልጊዜ እስከ ጣሳዋ ድረስ ሕይወት አለው። ስለዚህ ቴርሞስታት ማጥፋት ማጥፋት አይደለም። ብሬከሩ ይጠፋል፣ ከማሽኑ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካለችው የማጥፊያ ሳጥን መሰኪያው ይነቀላል፣ ከዚያም በቴስተር መስመሩ መሞቱ ይረጋገጣል። ጣሳዋ የያዘችውን ደግሞ በ20,000 ኦም ሬዚስተር፣ ኤሌክትሪኩን ቀስ አድርጎ በሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ነው የምናራግፈው። በካቻቢቴ ዘንግ የሚያራግፉ አሉ። ይሠራል፤ ግን ይፈነዳል፣ ብልጭታው ዓይን ላይ ይደርሳል፣ ካቻቢቴውንም ይበላዋል። እኔ አላደርገውም።

"ራሴ ልቀይራት እችላለሁ?" ያለኝ ወጣት አለ፤ እዚያ ጋ እጅህን ያወጣኸው። በቴስተር መሥራት የምትችል ከሆነ፣ አሁን ያልኩትን ሁሉ የምታደርግ ከሆነ፣ አዎ፤ ከባድ ሥራ አይደለም። ቴስተር ይዘህ የማታውቅ ከሆነ ግን በዚች አትጀምር። አደጋዋ ከምትቆጥበው ብር በላይ ነው።

ከቀየርክ ሦስት ነገር አስታውስ። መጀመሪያ ሽቦ ከመንቀልህ በፊት ፎቶ አንሳ። "ቡናማው የቬንትሌተር ነው" ይሉሃል፤ አብዛኛውን ጊዜ ነው፣ ግን ከአንተ በፊት የነካካው ሰው ምን እንዳደረገ አታውቅም። አናቷ ላይ "ሲ"፣ "ፋን" እና "ኸርም" የሚሉ ምልክቶች አሉ። ሲ የጋራው ነው፤ ኸርም የኮምፕሬሰሩ። ቀጥሎ የማይክሮፋራዱ ቁጥር አንድ ዓይነት ይሁን። 45 እና 5 ከሆነ 45 እና 5። "ትንሽ ከፍ ይበልልኝ፣ ጉልበት ይጨምራል" የሚባል ነገር የለም፤ ሞተሩን ታሳምመዋለህ። ቮልቴጁ ግን ሌላ ነው። 370 ቮልት የሚል ከነበረ 440 ማድረግ ይቻላል። 440 የነበረውን ግን ወደ 370 አታውርደው።

አንድ ኤሌክትሪሺያን ወንድማችን ደግሞ "ሳትነቅል እየሠራች እንዴት ትለካታለህ?" አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው፤ እኔ ራሴ የምወደው አለካክ ይሄ ነው። ወደ ኸርም በሚገባው ሽቦ ላይ አምፔሩን ትለካለህ። በኸርምና በሲ መካከል ቮልቱን ትለካለህ። አምፔሩን በ2652 ታባዛለህ፣ ለቮልቱ ታካፍላለህ። ለምሳሌ 5 አምፔርና 340 ቮልት ብታገኝ 39 ይወጣል። ላይዋ 45 ካለ፣ ብዙዎቹ ጣሳዎች 6 ከመቶ ወደላይ ወደታች ይፈቅዳሉ፤ ስለዚህ ድንበሩ 42.3 ነው። 39 ከድንበር በታች ናት። 2652 የሚመጣው ከ60ው ነው። አገር ቤት በ50 ስለሆነ ቁጥሩ 3183 ይሆናል። ይህን የምትሠራው ግን ሽፋኑ ተከፍቶ፣ ኤሌክትሪኩ እያለ ነው። ለባለሙያ ብቻ ነው።

እናንተ ሌሎቻችሁ ይህን ማስላት አይጠበቅባችሁም። ቁጥር መጠየቅ ግን ትችላላችሁ። የመጣው ባለሙያ "ካፓሲተሩ ደክሟል" ካለ "ስንት ይላል? ስንት ሆነ?" በሉት። ቴስተሩን ያሳያችሁ። ጨዋ ባለሙያ አይከፋውም፤ እኔ እንዲያውም ደስ ይለኛል። "ማሽኑ በሙሉ ሞቷል" ካለም "ካፓሲተሩን ለካኸው?" በሉት። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ላይዋ ላይ ያለውን ቁጥር በጣት አሳዩት፣ ይገባዋል።

ስለ ዋጋ ጠይቃችኋል። ዕቃው አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 40 ዶላር ነው። መጥቶ ማየትና መግጠም ሲጨመር 150ም 300ም ሊሆን ይችላል። መኪናው፣ ኢንሹራንሱ፣ ቅዳሜው አለ። በዚያ አልከራከርም። 300 የከፈለ ሰው አልተዘረፈም። 28 ዶላር ሊያድነው የሚችለውን ማሽን ጥሎ 11,400 የሚከፍል ሰው ግን ያሳስበኛል።

በቅርብ ጊዜ የመጣ ሌላ ማስፈራሪያ አለ። "የማሽንህ ጋዝ ታግዷል" የሚል። እውነትና ውሸት የተቀየጠበት ነው። ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ እዚህ አገር አር-410ኤ በሚባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚሠራ አዲስ የቤት ማሽን መመረት ቆሟል፤ አዲሶቹ አር-32 ወይም አር-454ቢ የሚባሉትን ይጠቀማሉ። ይህ እውነት ነው። ያላችሁን ማሽን ግን ማንም አላገደም። መጠገንም ጋዝ መሙላትም ይቻላል። ደግሞም ካፓሲተር ከጋዝ ጋር ምን አገናኘው? ጣሳዋን ለመቀየር ጋዙ አይነካም። አንዱን ችግር እያወሩ ሌላውን ሲያመጡባችሁ ጠርጥሩ።

የማሽኑ ዕድሜ በእርግጥ ያለቀ ጊዜም አለ። 20 ዓመት የሞላው፣ ጋዙ የሚያፈስ፣ ኮምፕሬሰሩ ቀዝቅዞም የማይነሳ ከሆነ እኔም "ይበቃዋል" እላለሁ። ብያለሁም። በ1979 ፒሲቢ የተባለው መርዛማ ዘይት መመረቱ ከመታገዱ በፊት የተሠሩ ጣሳዎች ያሉበት በጣም አሮጌ ማሽን ካገኛችሁ ደግሞ ራሳችሁ አትነካኩት።

ክረምት ላይስ? አንዲት እህት የጠየቀችው ነው። ቤታችሁ ሂት ፓምፕ ከሆነ ያው ውጪ ያለው ማሽን ነው በክረምት የሚያሞቃችሁ። ያቺው ጣሳ ናት። በክረምት ስትሞት ግን ቶሎ አይታወቅም። ምክንያቱም ቤት ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በራሱ ይገባና ይሸፍንላታል። ቤቱ ይሞቃል፣ እናንተም ደስ ብሏችሁ ትተኛላችሁ። የምታውቁት የመብራት ሂሳቡ ሲመጣ ነው። በጃንዋሪ ሂሳቡ ድንገት ካሻቀበ ኮታችሁን ደርባችሁ ውጡና ማሽኑ እየዞረ መሆኑን እዩ። በጋዝ ፈርነስ የሚሞቅ ቤት ከሆነ ደግሞ አየር የሚነፋው ሞተር የራሱ ትንሽ ካፓሲተር ሊኖረው ይችላል፤ 5፣ 7.5 ወይም 10 ማይክሮፋራድ። አዲሶቹ ሞተሮች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም።

መጨረሻ ላይ የመጣው ጥያቄ የአዲስ አበባ ነበር። "የእህቴ የውሃ ፓምፕ እምምም ይላል፣ ውሃ አይስብም፤ አዲስ ግዢ አሏት" አለ አንዱ። ሳቅኩ። በምን አወቅክ ካላችሁኝ፣ እምምም ካለ ወሬው አንድ ነው። የቤት ፓምፕ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተር አለው፤ ጎኑ ላይ ባለች ትንሽ ሳጥን ውስጥ። በአሸዋ ወይም በዝገት ተይዞም ሊሆን ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ ዘንጉ በእጅ ሲሞከር ይለያል። ዘንጉ በነፃ ከዞረ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ካፓሲተሩ ነው። አሮጌው ላይ ያለውን ቁጥር በፎቶ ትላክልህ፣ ያንኑ ቁጥር ትግዛ አልኩት።

ሰው መነሳት ሲጀምር አንድ አባት ከጃኬታቸው ኪስ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። የራሳቸው ጣሳ ናት። ልጃቸው ጠዋት ነቅሎ ሰጥቷቸው ነው። ቶሎ ሬዚስተሬን አወጣሁና መጀመሪያ አራገፍኳት። ከዚያ ለካናት። ላይዋ ላይ 35 ይላል። ቴስተሩ 33 አለ። ድንበሯ 32.9 ነው።

"እና ደህና ናት አይደለችም?" አሉኝ።

"ለዛሬ ደህና ናት፣ አባባ። ጁላይ ሳይገባ ግን አንድ ገዝተው ያስቀምጡ" አልኳቸው። ጋዜጣውን መልሰው ጠቀለሉባትና "ልጁ ቤት ያለ ኤሲ ተቀምጧል፣ ቶሎ ልውሰድለት" ብለው ወጡ።